ባለጎማው የስኬት ጫማ ቁርጭምጭሚቴን ላጠው፣ ምን ላድርግ?

ታንኳ14፦
ሰላም ጎበዝ። ስኬት መንዳት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ሰፈሬ ኮብልስቶን ስለሆነ በፌስታል አንጠልጥዬው ሐይቁ ዳር እስከ አስፋልቱ በእግሬ እሄዳለሁ። እግሬ 42 ነው፣ ሰውየው ጋ የነበረው ሰልቫጅ ግን 43 ብቻ ሆነና «ሰፋ ቢል ነው የሚሻለው» ብሎ ሸጠልኝ። አሁን ስገፋ ተረከዜ ከውስጥ ይነሳል። እንዳይነሳ ክሩን ጥርሴን ነክሼ አጠብቀዋለሁ፣ ያኔ ደግሞ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ተልጦ ትናንት ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ በውሃ አርሼ ነው ያወለቅሁት። ይለምዳል ወይስ ልሽጠው?

ዝም_ብለህ_ንዳ፦
ይለምዳል። ሁለት ካልሲ ደርብ፣ አለቀ።

የዲፖው፦
ኧረ በሞቴ ሁለት ካልሲ አትበለው! እኔን የፈጀኝ እሱ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ውሃ ያስቋጥራል፣ ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር ደግሞ አስበው። አንድ ስስ ረዘም ያለ ካልሲ ይበቃል።
ለመሸጥ አትቸኩል። በአንድ ቁጥር መሃል ያለው ልዩነት 7 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ገበሩን አውጣና ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ ቁም። ጣትህ ጫፉን ነክቶ ከተረከዝህ ኋላ አንድ የእጅ ጣት ከገባ ደህና ነው፣ ሁለት ተደርቦ ከገባ ግን ሰፍቶሃል። ማታ ለካው፣ ቀን ሲሄድበት የዋለ እግር ያብጣል።
ክሩንም ሁሉም ቦታ እኩል አታጥብቀው። ጣቶችህ ጋ ላላ፣ እግርህ የሚታጠፍበት ጋ ጠበቅ። ከማሰርህ በፊት ተረከዝህን መሬት ላይ መታ መታ አድርገህ ወደ ኋላ አስቀምጠው።

ብርድ_የለመደች፦
እኔ ያለሁት ስዊድን ነው፣ የምነዳው በረዶ ላይ ነው፣ ሕመሙ ግን ያው ነው። እዚህ የበረዶውን ጫማ ሱቅ ውስጥ ምድጃ ከተው ያሞቁትና እግርህ ላይ እያለ ሲቀዘቅዝ ቅርፅህን ይይዛል። አንተ ቤት እንዳትሞክረው፣ ለሙቀት ያልተሠራው ይጣመማል፣ ሙጫውም ይለቃል።
ለአጥንቱ ግን መላ አለው። ሰው የሚያመው ቦታ ላይ ስፖንጅ ይለጥፋል፣ ያ ጭራሽ ይጫነዋል። መሃሉ የተበሳ ቀለበት ቁረጥና አጥንቱ ቀዳዳው ውስጥ ይግባ። ቦታው እንዳይጠፋህ አጥንቱ ላይ ሊፒስቲክ ቀብተህ እግርህን ክተት፣ ገበሩ ላይ ምልክት ይተዋል። ግን መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን።

ታንኳ14፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አንድ ጣት ከምናምን ነው የገባው፣ ተርፌያለሁ። ሊፒስቲኩን ከእህቴ ሰረቅሁ፣ እስካሁን አልታረቅንም። አንድ ጫማ ሰፊ የድሮ ነጠላ ጫማ በምላጭ ሸርሽሮ ቀለበቱን ሠራልኝ፣ «ይሄ ደግሞ ጫማ ነው መኪና?» እያለ ጎማውን በጣቱ ያሾረዋል። ትናንት ግማሽ ሰዓት ነዳሁ፣ ጣቴ አልደነዘዘም፣ አጥንቴም ዝም አለ። የግራው ተረከዝ ግን አሁንም ትንሽ ይነሳል።

የዲፖው፦
ሁለቱን እግር ለየብቻ ለካ፣ የግራው ሊያንስ ይችላል። ካነሰ እዚያኛው ገበር ሥር ብቻ ስስ ሶል ጨምርበት።