ባልጩቱ ይመታል፣ ብልጭታ ግን የለም! ለነገ ጠዋት ነው፣ እባካችሁ

ነፍጥ_ያዥ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገ የታሪክ ትርኢት አለ፣ በባልጩት የሚለኮሰው የድሮ ዓይነት ጠመንጃዬ ግን እምቢ አለኝ። ምላጩን ስስብ መዶሻው ይወርዳል፣ ባልጩቱ ፍሪዘኑን (ፊት ለፊቱ የቆመውን የብረት ሳህን) ጧ አድርጎ ይመታል፣ ብልጭታ የለም። ከ10 አንዴ ቢመጣ ነው። የደረሰኝ ባልጩት የማይረባ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ደህና ባልጩት ዛሬውኑ የት ይገኛል?

የድሮ_መሣሪያ፦ ነገሩን ከሥሩ ብታየው ይጠቅምሃል። ጠመንጃ መለኮሻው መጀመሪያ ገመድ ነበር፤ እየጨሰ ቀስ ብሎ የሚነድ። ምላጩ ሲሳብ ጠምዛዛ ብረት ፍሙን ባሩዱ ላይ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ፖርቱጋሎች ይዘውት የመጡት ነፍጥ እንዲህ ያለ ነው። ዝናብ ሲመጣ ገመዱ ይጠፋል፣ በጨለማ ፍሙ ያጋልጣል። ቀጥሎ በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባለ ጎማ መጣ፤ ጎማው ፒራይት በሚባል ድንጋይ ላይ ሲሽከረከር እንደ ላይተር ይፈነጥቃል፣ ዋጋው ግን ለተራ ወታደር አይቀመስም። ያንተ ባልጩት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ 200 ዓመት ያህል ነገሠ። በ1807 ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ሲመታ የሚፈነዳ ኬሚካል ለጠመንጃ አዋለ፤ ካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ፈንድቶ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ፣ የተወለደው ከዚያ ነው። እንግሊዞች በ1834 ዉሊች ላይ ከሁለቱም 6,000 ጊዜ ሲተኩሱ ባለ ባልጩቱ 922 ጊዜ ከሸፈ፣ ባለ ካፕሱሉ 36 ጊዜ ብቻ።

ዘይት_ጠላት፦ የፍሪዘኑን ፊትና ባልጩቱን በአልኮል ጥረግ። ዘይት ካለ ብልጭታ የለም።

እሳት_ጫሪ፦ ወንድሜ፣ ክብሪት ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ቢያንስ ለሲጋራ ይሆንሃል 😄

ብረት_ሠሪ፦ ባልጩቱን ለምን ትወቅሳለህ? ብልጭታው ከድንጋዩ አይመጣም። ድንጋዩ ከፍሪዘኑ ላይ ደቃቅ ብረት ይፋቃል፣ ነዶ የሚበራው ያ ፍቅፋቂ ነው። ጋሼ ከላይ የጠቀሱት የዉሊች ባልጩት እንኳ የከሸፈው ከ7 አንዴ ገደማ ነው። ያንተ ከ10 ዘጠኙ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ጥንታዊ ነው አዲስ ቅጂ? ባልጩቱ በምን ታስሯል? የት ላይ ይመታል?

ባለ_ሙሽራው፦ በአልኮል ጥረገው። ዘይት ነው።

ነፍጥ_ያዥ፦ ጠርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ብራውን ቤስ የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ አዲስ ቅጂ ነው፣ አልጎረሰም፣ ባዶ ነው። ባልጩቱ የመዶሻው መንጋጋ ውስጥ እንዲሁ ነው የገባው። ፍሪዘኑ ላይ ያለው ጭረት ከታች ጫፍ ብቻ ነው።

ብረት_ሠሪ፦ አገኘነው። እንዲሁ የገባ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ብረቱ በቀጥታ ስለሚይዘውም ይሰበራል። ቀጭን ቆዳ ጠቅልልና አጥብቀህ እሰረው። ጭረቱ ከታች ብቻ መሆኑ ደግሞ ስለቱ ዘግይቶ ነው የሚያርፈው ማለት ነው፤ መፋቂያ ቦታ አላገኘም። ባልጩቱን ገልብጠህ፣ ሰያፍ የሆነው ጎን ወደ ሌላ ዞሮ፣ ሞክር። ስለቱ ከታች ሲለካ ከፍሪዘኑ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ላይ ማረፍ አለበት፣ በሙሉ ስፋቱ እኩል ነክሶ። መዶሻው ግማሽ ላይ ሲቆም ስለቱ ፍሪዘኑን ሳይነካ ጥጉ መድረስ አለበት።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልበራ በፍሪዘኑ ጠርዝ ላይ ሞረድ ጣል አድርግ። ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ከነከሰ ለስላሳ ነው፣ በደንብ አልጠነከረም። ያ ብረቱን እስከ ቀይ አግሎ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለስለስ አድርጎ ማሞቅ ይፈልጋል። ዛሬ ማታ በወጥ ቤት ምድጃ አትሞክረው፤ ሞላውን (ስፕሪንጉን) ታበላሻለህ።

ዘይት_ጠላት፦ ለጠቅላላው የሚሆን ነገር፦ ባሩድ የምታደርግበትን ትንሿን ሳህን አትሙላት፣ ከግማሽ በታች ይበቃል። ወደ በርሜሉ የሚያስገባውን ቀዳዳ ከሸፈነው ባሩዱ እንደ ክር ቀስ ብሎ ይነድና ይዘገያል፤ ብልጭታው በአየር ላይ ሲገባ ግን ወዲያው ነው። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዳ። በቀኝ በኩልህ ሰው አይቁም፣ እሳቱ ወደ ጎን ይወጣል። ባዶ ነው ብትልም፣ ዘንጉን አስገብተህ ጥልቀቱን ለካ።

እሳት_ጫሪ፦ የሞረድ ፈተናው ምን ሆነ?