«ሄንሪ 5ኛ»ን ፊልም ሲያደርጉ ንጉሡን ማሳመር ልክ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ክርክር ጠፋ ስትሉ ነበር፣ ይኸው። የሼክስፒር «ሄንሪ 5ኛ» በ1599 አካባቢ የተጻፈ ተውኔት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ወጣቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ፈረንሳይን ይወራል፣ በ1415 አዠንኩር ላይ ድል ያደርጋል። ከወጡለት ፊልሞች ሁለቱ ይበልጥ ይታወቃሉ፦ የሎረንስ ኦሊቪዬ በ1944፣ የኬኔት ብራና በ1989። ሁለቱም ራሳቸው አዘጋጅተው ንጉሡንም ራሳቸው ተጫውተዋል። ሎረንስ ግን ንጉሡን የሚያስጠላ ነገር ሁሉ ቆርጦ ጥሏል። ለእኔ ይሄ ማጭበርበር ነው። እናንተስ?

እቴጌ፦ ኧረ ቀስ በል! ተውኔት ፊልም ሲሆን መቆረጡ የት ይቀራል? ደግሞ ጊዜውን እይ እንጂ። ዓለም ጦርነት ላይ ነው። ሰውየው ራሱ ከባሕር ኃይሉ የአየር ክፍል ተፈቅዶለት ነው የሠራው። ፊልሙ ገና ሲጀምር መታሰቢያነቱ ለእንግሊዝ ኮማንዶዎችና አየር ወለዶች ነው ይላል። ለእነሱ «ንጉሣችሁ ጨካኝ ነበር» ይበላቸው?

የፒያሳ ልጅ፦ ይበላቸዋ! የቆረጠውን ልንገርሽ። ሄንሪ ሃርፍለርን ከብቦ ለከተማው ገዥ የሚለውን ታውቂዋለሽ? በሩን ካልከፈታችሁ ወታደሮቼ ሴት ልጆቻችሁን ይደፍራሉ፣ ሽማግሌዎቻችሁን ጢማቸውን ይዘው ከግድግዳ ያላትማሉ፣ ሕፃናቱን በጦር ይሰካሉ። ይሄ ፊልሙ ላይ የለም። ሦስት ከዳተኛ መኳንንት ወደ ሞት መላኩም የለም። የድሮ የመጠጥ ጓደኛው ባርዶልፍ ከቤተ ክርስቲያን ሰርቆ መሰቀሉም የለም። መጨረሻ ላይ ተራኪው ፈረንሳይ በልጁ ዘመን ከእጃቸው እንደወጣች የሚናገረውም የለም። ምን ቀረ? ፈረስና ባንዲራ።

ሲኒማ ወዳድ፦ ፈረሱንማ አትንካብኝ። ያ የአዠንኩር ግልቢያ የተቀረጸው አየርላንድ ነው፣ አገሪቱ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። ፈረሰኞቹ ውስጥ የአካባቢው ገበሬዎች አሉበት። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሽምጥ። ካሜራው ጎን ለጎን አብሮ ይሮጣል፣ የዊልያም ዋልተን ሙዚቃም አብሮ ይፈጥናል። ቀስቶቹ ሲለቀቁ ሙዚቃው ቀጥ! ፉጨታቸው ብቻ ይሰማል። ስለ ንጉሡ የፈለጋችሁትን በሉ፣ እኔ ይቺን ደጋግሜ አያታለሁ።

ቲቸር፦ ልጆች፣ የኬኔትንም እንይ እንጂ። እዚያ ጭቃ፣ ዝናብና ደም ነው። ባርዶልፍ ሲሰቀል ንጉሡ እንባው እየወረደ ያያል። ከውጊያው በኋላ የሞተ ልጅ ተሸክሞ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተለዋል፣ ወታደሮቹ በላቲን ይዘምራሉ። (ልጁን የተጫወተው ተዋናዩ ክርስቲያን ቤል ነው፣ ያኔ ገና ጎረምሳ።) አሁን ወደ ተውኔቱ ኑ። አራተኛው ገቢር ላይ ሄንሪ ምርኮኞቹን ግደሉ ብሎ ያዛል። ያዘዘው ፈረንሳዮች እንደገና እየተሰባሰቡ ነው ብሎ ነው። የእንግሊዞቹ ጓዝ ጠባቂ ልጆች በፈረንሳዮች መታረዳቸው የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ኬኔት ይህችን ትእዛዝ ቆርጧታል። የልጆቹን ሞት ግን አልቆረጠውም። ስለዚህ ንጉሡን የምናየው ሲበደል ብቻ ነው።

እቴጌ፦ በሉለት ቲቸር! እኔም ኬኔትን የማምነው ያነሰ ነው። ሎረንስ ፊልሙን የሚጀምረው በሼክስፒር ዘመኑ ግሎብ ቲያትር ውስጥ ነው። ተዋንያኑ ከመጋረጃ ጀርባ ሲሰናዱ ታያለህ። ፈረንሳይም ስትመጣ እንደ ድሮ መጽሐፍ ሥዕል የተቀባች ናት። ጨዋታ መሆኑን አልደበቀህም። ኬኔት ግን ጭቃውን ስላሳየህ ሁሉን የነገረህ ይመስልሃል።

የፒያሳ ልጅ፦ ቲቸር፣ ይሄ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክርልኝ። ሁለቱም ያቺን ትእዛዝ ከቆረጧት ሁለቱም ንጉሡን አሳምረዋል። ርዝመት ነው እንዳትሉኝ፣ አንድ መስመር እኮ ናት! የሳሊካውን ሕግ (ዘውድ በሴት በኩል አይወረስም የሚለውን) ትንተና ይቁረጡ፣ ማንም አይጮህም። ሰው የሚያስገድል ቃል ግን ከተናጋሪው አፍ አይወሰድም።

ቲቸር፦ አንተ ብታዘጋጀው የት ታስገባታለህ?

የፒያሳ ልጅ፦ እንደተጻፈችው። ከልጆቹ ወሬ በፊት።

እቴጌ፦ እሺ። ከዚያ በሚቀጥለው ገቢር ያው ሰውዬ የፈረንሳይን ልዕልት በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ሲያባብላት ማን ይስቅልሃል?

የፒያሳ ልጅ፦ አይሳቅ። ማን ሳቁ አለ?

እቴጌ፦ ሼክስፒር ነዋ! ትእዛዙንም ጽፎ፣ ሳቁንም ከኋላው ያስቀመጠው እሱ ራሱ አይደል እንዴ?