ሲኤፍኤ፦ ሌቭል ቱ የምር ይከብዳል ወይስ ሰው እያስፈራራኝ ነው?

ሚሚ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሲኤፍኤን፣ ማለት የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች የሚወስዱትን ባለ ሦስት ደረጃ ፈተና፣ ሌቭል ዋንን አልፌያለሁ፣ ተመስገን። አሁን ለሌቭል ቱ ልመዝገብ ስል ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ የጎደለውን ሙይልኝ ይላል። ምዝገባው ደግሞ ቀደም ብሎ ካልተከፈለ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ለሁለቱም የሚበቃ የለኝም። ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ልጅ አለብኝ። እንደ አንደኛው ከሆነ እከፍላለሁ። ሰው እንደሚያወራው ከሆነ ግን ገንዘቡም እንቅልፉም ውሃ በላው ማለት ነው። የተፈተናችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

የቶሮንቶው፦
ሚሚዬ እንኳን ደስ ያለሽ። ሦስቱንም ስለጨረስኩ ላስረዳሽ። አንደኛው ስፋት ነው። 180 ጥያቄ በአራት ሰዓት ተኩል፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። አንዱ ካቃተሽ ዘለሽ ሌላውን ትይዣለሽ፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ምርጫው ሦስት ነው፣ መሳሳት ነጥብ አያስቀንስም፣ ስለዚህ ግምትም ይረዳሻል።

ሁለተኛው ላይ ጥያቄው ወደ 88 ይወርዳል። ሰው ይህን ሲሰማ ይዘናጋል! አራት አራቱ በአንድ ረጅም ታሪክ ሥር ናቸው። ለምሳሌ ውጭ አገር ቅርንጫፍ ስላለው ኩባንያ ታነቢያለሽ። ቅርንጫፉ ሒሳቡን የሚይዘው በሌላ አገር ገንዘብ ነው። ከሥር ሰንጠረዥ አለ፣ የምትፈልጊው ቁጥር ግን አንቀጽ ውስጥ ተሸጉጧል። የቅርንጫፉን ሕንፃ ዋጋ የምትመነዝሪው በዓመቱ መጨረሻ ተመን ነው ወይስ በተገዛበት ቀን ተመን? እሱን መጀመሪያ ላይ ከሳትሽ አራቱም ጥያቄ ተያይዞ ሊሄድብሽ ይችላል። አንደኛው ቀመሩን ታውቂያለሽ ወይ ይልሻል፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀመሩ የማይሠራው መቼ ነው ይልሻል። ለኔ ከሦስቱ የከበደው እሱ ነው።

ሶስና ከለንደን፦
ጋሼ ሦስተኛውን ረሱት እንዴ? ከፊሉ እኮ ምርጫ የለውም፣ መልሱን ራስሽ ነው የምትጽፊው። ሁለት ምክንያት ስጪ ካለሽ ሁለት ብቻ። አምስት ብትደረድሪ የሚታረምልሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። እኛ ደግሞ ወረቀቱን ካልሞላን መልስ የሰጠን የማይመስለን ሰዎች ነን። እኔን የጣለኝ ትምህርቱ አይደለም፣ ወሬ ማብዛቴ ነው።

የማለፊያ መቶኛ አይተሽም አትወስኚ። በ2021 ጁላይ ላይ አንደኛውን ያለፈው 22 ከመቶ ነበር፣ ኦገስት ላይ ሁለተኛውን 29 ከመቶ። ታዲያ ሁለተኛው ቀለለ? ሁለተኛው ላይ የሚቀመጠው እኮ በአንደኛው ተጣርቶ ያለፈ ሰው ነው።

ዳላስ ነኝ፦
ሁሉም ስለ ፈተና ያወራል፣ እኔ ባጃጁ ላይ ቀረሁ። እህቴ፣ ብትልኪም ባትልኪም ማጥናትሽን እርሺው። ካልላክሽ ኩርፊያ ነው። ከላክሽ ደግሞ ጎማ ፈነዳ፣ ትራፊክ ያዘኝ፣ መለዋወጫ ጠፋ እያለ ይደውላል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላራችን ሊያንበሸብሽ መስሎን ነበር፣ የዕቃው ዋጋ መች ቆሞ ጠበቀን? እናቴ ደግሞ ገንዘቡ ይቅር፣ አንተ ብቻ ለፋሲካ ና ትላለች። የትኬቱን ዋጋ ሳይ እኔም ዝም፣ እሷም ዝም።

የፒያሳ ልጅ፦
ቆይ ግን እዚያ ምን ያንከራትታችኋል? አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል። ወጋገን ባንክ ገብቷል፣ ገዳ ባንክም ተከትሏል። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ፣ አዋጅ አለ። የሚጎድለው ባለሙያ ነው። ተምራችሁ ኑ!

ዳላስ ነኝ፦
ደሞዙ ስንት ነው? እሱን ጻፍልንና እንነጋገር።

የፒያሳ ልጅ፦
ሁሉን በዶላር መለካት ይዟችኋል። ኡበር እየነዳ ስለ ሙያ የሚያወራ ስንት አለ።

ዳላስ ነኝ፦
የምነዳው ኡበር ነው የእናቴን መድኃኒት የሚገዛው። ሥርዓት ያዝ።

የቶሮንቶው፦
ኧረ ልጆች ተረጋጉ። ሲኤፍኤ እኮ በፈተና ብቻ አይሰጥም። ቢያንስ 36 ወር የሚወስድ 4,000 ሰዓት ተዛማጅ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አገር ቤት የተሠራም ይቆጠራል፣ ሥራው ከኢንቨስትመንት ውሳኔ ጋር ከተያያዘ።

የፒያሳ ልጅ፦
ይኸው! እኔ ምን አልኩ?

ዳላስ ነኝ፦
አንተ ያልከው ኑ ነው። ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል ነው የኔ ጥያቄ፣ እሱን ዘለልከው።

ሚሚ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ወገን፣ እኔ አገር ቤት ልግባ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ለአንድ ደረጃ 300 ሰዓት ገደማ አጥኑ ይባላል። ልጅ ያላት ሰው ለሁለተኛው ይበቃታል?

ሶስና ከለንደን፦
ሁለታችሁ ለብቻችሁ ክፈቱና ተጨቃጨቁ። ሚሚ፣ ሰዓቱን ተይው። የአንደኛው ውጤትሽ ላይ በየትምህርቱ ያስመዘገብሽውን አውጪና እዪ። የፋይናንስ ሪፖርት ትንተና ላይ፣ ያ የቶሮንቶው ያነሳው የቅርንጫፍ ሒሳብ ያለበት ትምህርት፣ ዝቅ ብለሽ ነው ያለፍሽው ወይስ ከፍ? እሱን ሳትነግሪኝ ክፈይም አትክፈይም አልልሽም።