ቁልፍ ከመረከቤ በፊት ቤቱን ማን ይፈትሽልኝ? (ካዛንቺስ)

እመቤት ሰባተኛ ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስ ባለ 2 መኝታ አፓርታማ በሚቀጥለው ሳምንት ልረከብ ነው። ከመፈረሜ በፊት የሚፈትሽልኝ ጠቁሙኝ። በግሉ የሚሠራ መሐንዲስ ይሻላል? የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለየብቻ? ወይስ ራሴ ልየው?

ቱምቢ፦
ቧንቧና ኤሌክትሪክ ለየብቻ። መሐንዲስ የሚያየው ኮለንና ሶሌታ (ምሰሶና የኮንክሪት ወለል) ነው፤ እሱም ተለስኖ ቻክ (ከቀለም በፊት የሚቀባው ማለስለሻ) ከተደረገ በኋላ ብዙ አይታይም። አዲስ ቤት ላይ የሚያስለቅሰው ውሃና መብራት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ማከፋፈያ ሳጥኑን ፈቶ ሽቦውን ያሳይሽ፤ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር። ምጣድ ግን የራሱ መስመር ይፈልጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ወሰደ ማለት ነው፤ ተራው ሶኬት አቅሙ እዚያ ላይ ያልቃል፣ እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ አያልቅም። ሶኬት የሚቀልጠው ለዚህ ነው። 4 ካሬ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ሶኬቱም ያንን የሚችል ይሁን።

መርካቶ ቅርብ፦
መሐንዲስ እንዳትቀጥሪ! እኛ ያመጣነው 20 ደቂቃ ዞሮ የቻክ ስንጥቅ ዘርዝሮ ሄደ። ሻወር ቤቱን ውሃ አላቆረበትም። በሦስተኛው ወር የታችኛው ቤት ኮርኒስ ጠቆረ።

ውሃ ልክ፦
ውሃ ያላቆረ ፍተሻ ፍተሻ አይባልም። የወለሉን መውረጃ በላስቲክና በጨርቅ ድፈኚ፣ 3 ሳ.ሜ. ያህል ውሃ ሙዪ፣ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪ፣ 24 ሰዓት ተዪው። አንድ ሁለት ሚሊ በትነት ይቀንሳል፤ ከዚያ ካለፈ ወይ መድፈኛው ለቋል ወይ ወለሉ ይጠጣል። ስድስተኛ ፎቅ ላይም ሰው ገብቶ ጣሪያውን ይይ። ይሄ ሁሉ ሳትፈርሚ ነው፤ ከፈረምሽ በኋላ ስልክ የሚያነሳልሽ የለም።

መርካቶ ቅርብ፦
የእኛ ሴራሚክ ሲነሳ ምን ተገኘ? ውሃ መከላከያው አንድ እጅ ብቻ፣ እሱም ግድግዳው ሥር ሲደርስ ቆሟል። 20 ደቂቃ! ለዚያውም ሙሉ ክፍያ።

ለሳኝ፦
ሁሌም የሚያፈሰው እዚያው ነው፤ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግና የመውረጃው ዙሪያ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ መረብ ይለጠፋል። ከዚያ ሁለት እጅ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ፣ አቋርጦት ይቀባል። ግድግዳው ላይ 20 ሳ.ሜ. ይውጣ፣ ሻወሩ ያለበት ጎን 2 ሜትር። ለሻወር ቤት ሲሚንቶ ነክ የሆነው ይበቃል። በእሳት የሚለጠፈው የሬንጅ ጥቅልል ለላይኛው ሶሌታ ነው፤ ሴራሚክ በቀጥታ አይይዝለትም።

ተክልዬ፦
ውሃ መከላከያ ከሆነ ተክለሃይማኖት ካለው ደንበኛዬ ውጭ አትግዙ።

ቱምቢ፦
የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ ነው ወይስ ዝግጁ? የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፎበታል?

ተክልዬ፦
እሱን አላውቅም። ሰውየው ግን ታማኝ ነው።

ፈረቃ፦
ጥሩ፤ ታማኝነቱን ሁለት እጅ እንቀባዋለን።

ተክልዬ፦
ሳቁ። ከሌላ ገዝታችሁ ስታፈሱ እንገናኛለን።

ፈረቃ፦
በነገራችን ላይ ካዛንቺስ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል?

ቱምቢ፦
አይቻልም! 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የተከመረ። የአፓርታማ በረንዳ ለሰውና ለወንበር ነው የተሠራው። የሕንፃው የጋራ ታንከር ስንት ሊትር እንደሆነና ፓምፑ ጄነሬተር ላይ መግባቱን ጠይቁ።

ውሃ ልክ፦
ወደ ጠያቂዋ እንመለስ እንጂ። እህቴ፣ ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ራስሽ የምታዪው አለ። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ማጣበቂያ የለም። ሻወር ቤት ባልዲ ውሃ ድፊ፤ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ. ካልዘቀዘቀ ውሃው ጥግ ላይ ይቀራል። ቧንቧ ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪውን እዪ፤ ከዞረ የሚያፈስ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሽንት ቤት ገንዳው ነው። የሚሸት መውረጃ ካለ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጎባጣ ቱቦ) ውስጥ ውሃ አልቆመም። ያገኘሽውን ፎቶ አንስተሽ ርክክቡ ሰነድ ላይ በጽሑፍ አስፍሪ።

ለሳኝ፦
ቻኩም ይታይ። ክረምት ላይ ልስኑ ሳይደርቅ ቻክ ተደርጎ ከተቀባ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። ያበጠውን ቢቀቡልሽ ያው ነው፤ ተፍቆ፣ ደርቆ እንደገና ይሠራ በያቸው።

እመቤት ሰባተኛ ፎቅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ግን የሻወር ቤቱ በር ደፍ 2 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። 3 ሳ.ሜ. እንዴት ልሙላ?

ውሃ ልክ፦
1.5 ሙዪ። መውረጃው ዙሪያና ጥጎቹ ይሸፈኑ እንጂ ይበቃል።

መርካቶ ቅርብ፦
ብቻ መሐንዲስ አይሁን።