የደከመ የፈረስ ኮቴ ማግኔት እንዴት እንደገና ይሞላል?

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ሲሆን፣ ሸዋ በር ባለችው የራዲዮ መጠገኛ ቤቴ የአባቴን በእጅ የሚዞር ስልክ ለማደስ ከያዝሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። የመደወያው ጄኔሬተር የሚሠራው በሦስት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላቸው የአረብ ብረት ማግኔቶች ነው፤ ቀድሞ መዘውሩ ሲዞር ሁለቱን ሽቦዎች የያዘን ሰው እጁን ክፉኛ ይነዝረው ነበር፣ ዛሬ ግን ደወሉ እንኳ አይነቃነቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝገቱን ለማጽዳት ማግኔቶቹን ፈትቼ፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ለስላሳ ብረት ሳላደርግባቸው ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ ተውኋቸው፤ አንዱንም የተጣበቀ ብሎን ለማስለቀቅ በመዶሻ መታሁት። አሁን እያንዳንዱ የሚያነሣው አንድ ሚስማር ብቻ ነው።

ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ በሁለቱም እግሮች ላይ 100፣ 100 ዙር ጠምጥሜ፣ አንዱ ጫፍ ሰሜን ሌላው ደቡብ እንዲሆን አቅጣጫውን ጠብቄ፣ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ጋር ለቅጽበት አገናኘሁት፤ ሽቦው ጋለ፣ የማግኔቱ ኃይል ግን ብዙም አልጨመረም። በዘመናዊ ማግኔት ተካው የሚሉኝ አሉ፤ የአባቴ እጅ የነካው ብረት ወጥቶ እንዲጣል ግን ፈጽሞ አልፈቅድም።

እባካችሁ፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ላያይዝ ወይስ ሽቦውን ላወፍር? ሦስቱን ለየብቻ ሞልቼ ልግጠማቸው፣ ወይስ ከጄኔሬተሩ ጋር ተገጥመው ሳሉ ልሙላቸው?