ተመራጩ ስለ ጤናም ስለ ወታደርም ነገሩን፤ የአባባ ጥያቄ ግን የየትኛው በር ነው?

የሃምሳ አለቃው ልጅ፦

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። የምጽፈው ከብቸና አካባቢ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ሲዘጋ ተመራጮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ። የኛም ሰውዬ መጡ። ቀኑ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ ነበር። በሬ የማይጠመድበት ቀን ስለሆነ አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው በመስኮት ይሰማ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ንግግርም ያውቁበታል። አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ጤና፣ ስለ መከላከያ፣ ስለ ቀድሞ ወታደሮች፣ እንደገና ስለ ጤና አወሩን። አባባ አገጩን ከዘራው ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

አባባ በ1975 ወታደር ሆኖ ኤርትራ ዘመተ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በከሰላ በኩል ዞሮ በመተማ ገባ። ግራ ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ አለ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረናል። ጡረታ የለውም። ከዚያ ወዲህ ገበሬ ነው። ሰፈሩ ግን እስከዛሬ "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚለው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጥር ላይ የጤና መድን ሊያሳድስ ሄደ። አዲስ የተመደበ ልጅ መዝገቡ ላይ "ሃምሳ አለቃ" የሚለውን አይቶ፣ "አባት፣ እርስዎማ ጡረተኛ ነዎት፣ ይሄ ለገበሬ ነው" አለው። አባባ ጭቅጭቅ አይወድም። ብሩን መልሶ ኪሱ ከቶ ወጣ። ለኛም አልነገረን። ግንቦት ላይ ጉልበቱ አብጦ ስንወስደው ነው ካርዱ እንዳልታደሰ ያወቅነው። ከኪስ ከፈልን። ከታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች ሁለቱን ደግሞ "ከውጭ ግዙ" ተባልን። ለዘር ያስቀመጥነው ጤፍ ወጣ።

ስብሰባው ላይ እጁን አወጣ። "የኔ ጌታ፣ ያሉት ሦስቱም ነገር እኔ ላይ አለ። ታማሚ ነኝ፣ ወታደር ነበርኩ፣ ቁስለኛ ነኝ። የኔ በር የትኛው ነው?" አላቸው። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። ተመራጩ "ጥያቄዎ ተመዝግቧል አባት" አሉት። እኔ ፊት ነበርኩ። ማስታወሻ የሚይዘው ልጅ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎት ወረቀቱ ጥግ ላይ እያሽከረከረ ነበር።

እና የምታውቁ ንገሩኝ። መድኑን የት ላስተካክል? ጡረታስ ተስፋ አለው? ከተመራጩስ ምን ልጠይቅ?

ሲስተር ከዱርቤቴ፦

እኅቴ፣ የመድኑ ቀላል ነው፣ አትጨነቂ። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የኛ ደቡብ አቸፈር ነበር። እንዳንቺ አባት ዓይነት ስንት ሰው አይቻለሁ።

መድኑ የተሠራው ደመወዝም ጡረታም ለሌለው ሰው ነው። ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ ሌላ አዋጅ አለ፣ 690/2002 የሚባለው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ እንዲያዋጣ ተደንግጎ ሥራው ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። እዚህ ላይ ነው ልጆቹ የሚሳሳቱት። ጡረተኛ የመሰላቸውን ሁሉ ወደሌለ ወረፋ ይሸኛሉ። አባትሽ ግን ጡረታ አይቀበሉም። ስለዚህ ማዕረጋቸው ምንም ይሁን ምን ገበሬ ናቸው። ጡረታ እንደማይቀበሉ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፊ፣ መዝገቡን አስተካክዪ፣ በምዝገባው ወቅት ክፈሉ። ካርድ ሳይታደስ የወጣውን ብር እርሺው፣ አይመለስም።

ሌላው፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ሙሉውን አይከፍልላችሁም። "ከውጭ ግዙ" ስትባሉ ደግሞ መድኃኒቱ እንደሌለ ማዘዣው ላይ ማኅተም አስመቱ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ። መልሶ የሚከፍል ወረዳ አለ፣ የማይከፍልም አለ። የመድኑ ገንዘብ በአብዛኛው በየወረዳው ስለሚያዝ የናንተን ጠይቂ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን የትም አይሸፍንም።

አያ ጥላዬ፦

ልጄ፣ እኔም የዚያ ዘመን ሰው ነኝ። እኔ ቆየት ስላልኩ ጡረታ አለኝ። ያባትሽ 8 ዓመት ነው። ሕጉ ቢያንስ 10 ዓመት ይላል። 10 ለሞላ የደመወዙ 30 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል። ለሲቪል 1.25 ነው፣ በዚህስ አልተበደልንም። በዘመን ብዛት ግን አባትሽ አይደርስም።

በግዳጅ ላይ የደረሰ ጉዳት መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ የሚታየው ዓመቱ አይደለም፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት ነው። ተስፋ አብዝቼ አልሰጥሽም፤ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል፣ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ የሚከለክል ይርጋ የሚባል ነገር አለ። ግን ወረቀት ፈልጊ። መታወቂያም ይሁን የሆስፒታል ካርድ፣ ከ83 በኋላ የቀድሞ ሠራዊት ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሰጠውም ይሁን። የኛ ሰው ወረቀት የሚደብቀው የዳዊት ማኅደር ውስጥ ነው። የኔን እዚያው አይጥ በልቶት በፎቶ ኮፒ ነው የዳንኩት።

ማንኩሳ፦

ተመራጭ ምን ያደርጋል ብላችሁ ነው? እኛ ጋ ትራንስፎርመር "ተመዝግቧል" ከተባለ የተወለደ ልጅ ዘንድሮ ፊደል ቆጠረ 😂

የሕግ ተማሪ፦

ማንኩሳ፣ ትራንስፎርመር የሚጠየቀውማ እሳቸው አይደሉም። ግማሹ ችግር እዚህ ነው። እኛ የወረዳውን እንጠይቃለን፣ እሳቸውም የሳቸው እንደሆነ አድርገው ይመልሳሉ።

የፌዴራል ምክር ቤት አባል የቀበሌ ጸሐፊ አለቃ አይደለም። ጤና ጣቢያውም የወረዳና የክልል ነው። የእሳቸው ሥራ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና ሚኒስትር ጠርቶ መጠየቅ ነው። የመከላከያን አደረጃጀት የሚወስነውም ያው ምክር ቤት ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ አለ። አባሉ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 54 ይላል። መራጩ አመኔታ ካጣበትም በሕግ መሠረት ሊያወርደው ይችላል።

ስለዚህ ካርዱን ከወረዳው ጨርሺ። ለተመራጩ ሁለት ነገር ብቻ በጽሑፍ ስጫቸው። 10 ዓመት ሳይሞላው ቆስሎ የተመለሰ ወታደር በየትኛው ሕግ ይስተናገዳል? የ690 አዋጅስ ለጡረተኛው ምን አደረገለት? እነዚህን ለጤናና ለመከላከያ ሚኒስትሮች ማንሳት ይችላሉ። ቀን ጻፊበት፣ ኮፒውን አስቀሪ። በቃል የተባለ የትም አይደርስም።

የሃምሳ አለቃው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አያ ጥላዬ፣ እውነትም ማኅደሩ ውስጥ ነበር። አንዲት አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት። ስሙ ይነበባል፣ ማኅተሙ ግን እጥፋቱ ላይ ደብዝዟል። ፎቶ ኮፒ አስነስቻለሁ። ለተመራጩ የሚሰጠውንም ጽፌያለሁ፣ መንገድ በተከፈተ ቀን ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ይወስድልኛል።

ቀበሌ ትናንት ከአባባ ጋር ሄድን። ልጁ ደብዳቤውን አይቶ ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ ነገሩን ለማቅለል ብሎ "ሃምሳ አለቃ የሚለውን ልሰርዘው፣ ከእንግዲህ ማንም አይሳሳትም" አለ። እኔ እሺ ልል ነበር። አባባ ከዘራውን መዝገቡ ላይ አጋደመ። "እሱን አትንካ፣ ከጎኑ ጻፍ" አለው።

አሁን መዝገቡ ላይ ስሙ ከነማዕረጉ ነው። ሙያ በሚለው ቦታ ገበሬ ተብሏል።