ዮኩልሳርሎን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ ጥቁሩን አሸዋ የት ላስገባው?

በኖቬምበር አጋማሽ አራት ሆነን፣ መኪናና አስጎብኚ ለብቻችን ይዘን፣ ከአይስላንድ ዋና ከተማ ከሬይካቪክ ወደ ዮኩልሳርሎን የበረዶ ሐይቅ ልንሄድ ነው። የቸገረኝ ሰዓቱ ነው። መሄጃው ብቻ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ ዕረፍት አምስት ሰዓት ይጠጋል፤ የቀን ብርሃኑ ደግሞ ያኔ ሰባት ሰዓት አይሞላም። (የሐይቁ ጀልባ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ስለሆነ ትቼዋለሁ።)

አስጎብኚው በመንገዳችን ላይ ካለችው የቪክ መንደር አጠገብ ያለውን ጥቁር አሸዋ የባሕር ዳርቻ፣ ሬይኒስፍያራን፣ በመመለሻ አስቀምጦታል። ያኔ ይጨልማል፤ እዚያ ድንገት የሚመጣው ማዕበል ደግሞ ሰው ጠርጎ ስለሚወስድ በጨለማ የሚሞከር አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተን ሲነጋ ብናየው፣ ሐይቁ ጋ በቂ ብርሃን ይተርፈናል? ወይስ እሱን ዘለን ከሐይቁ ማዶ ባለው የዳይመንድ ቢች ጥቁር አሸዋ እንብቃቃ? ቪክ ማደርስ ያዋጣል? በዚያ ወቅት የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።